መዥገሮቼ ቡና የመሰሉበት ቀን

ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ቀጥሎ ይስቃሉ፤ በመጨረሻም ሰው ያላያቸው መስሏቸው ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን ይፈትሻሉ። እናንተም ብታደርጉት አልቀየማችሁም። የማወራው ስለ መዥገር ነው።

ጊዜው ሚሊኒየሙን ካከበርን ብዙም ሳይቆይ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የእንስሳት ጤና ዲፕሎማዬን ይዤ ከሚዛን ቁልቁል ባለችው አማን ከተማ ውስጥ በአንዲት የእንስሳት ላቦራቶሪ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ላቦራቶሪ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት ክፍል፣ አንድ ማይክሮስኮፕና መብራት ሲኖር ብቻ የሚሠራ አንድ ፍሪጅ ያላት ቤት ናት። የእኔ ሥራ ከከብት ደም መውሰድ፣ እበት መመርመርና መዥገር በየዓይነቱ መለየት ነበር።

አባቴ አማን ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል። በወጣትነቱ ከከምባታ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ለደንበኞቹ ሁሉ "ልጄ ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው" ይላቸዋል። እነሱ የሰው ሐኪም ቤት ይመስላቸዋል። እሱ አያርማቸውም፤ እውነቱን ልናገርና እኔም አላርማቸውም። አንዳንድ ጎረቤቶቻችን እንዲያውም የታይፎይድ ምርመራ ወረቀታቸውን ይዘው ቤታችን ይመጡ ነበር። እኔ ደግሞ ወረቀቱን አገላብጬ አይቼ "ሐኪሙ ያዘዘልዎትን በሰዓቱ ይውሰዱ" ብዬ እሸኛቸዋለሁ። ከሥራ ስወጣ እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና እታጠባለሁ፣ ጋውኔን ቢሮ እሰቅላለሁ፣ ቦቲዬን በፌስታል እጠቀልላለሁ። የእበት ሽታ እንዳያጋልጠኝ።

ሌላም ነገር ነበረብኝ። ከሦስት ሰው በላይ በተሰበሰበበት ቦታ ድምፄ አይወጣም። ቢሮ ግምገማ ሲኖር የመጨረሻው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ተራዬ ሲደርስ ብድግ ብዬ "የምጨምረው የለኝም" እልና ቁጭ። ሁልጊዜ ይህችኑ ስለምል የሥራ ባልደረቦቼ ትርሲት የሚለውን ስሜን ትተው "የምጨምረው የለኝም" እያሉ ይጠሩኝ ጀመር።

እንዲህ ሆኜ እያለሁ ነው ዶክተር ሂሩት ከአዲስ አበባ የመጡት። ሃምሳውን የተሻገሩ፣ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ በነጭ ሸራ ጫማ ጭቃ የሚረግጡ ሴት ነበሩ። ኃላፊያችን ሠራተኞቹን ሰብስቦ ካስተዋወቃቸው በኋላ "መዥገር የማይጸየፍ አንድ ሰው ስጡኝ" አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔም የምጨምረው ስላልነበረኝ ተመደብኩ።

በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጠው ጠየቁኝ።

"መዥገር ዕድሜዋን ሙሉ ከደም በቀር ምንም አትቀምስም። ደም ብቻ እየመጠጡ መኖር የሚቻል ይመስልሻል?"

"ሲኖሩ አያለሁ" አልኩ በቀስታ።

"ደም ብቻውን አይበቃም። ደም ውስጥ እንደ ልብ የማይገኙ ቪታሚኖች አሉ። ታዲያ ከየት ታመጣቸዋለች? ከውስጧ! ሰውነቷ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። በሽታ እንዳይመስሉሽ። ቪታሚኑን ይሠሩላታል፣ እሷ ደግሞ ቤትና ቀለብ ትሰጣቸዋለች። እናትየዋ በእንቁላሎቿ ውስጥ አድርጋ ለልጆቿ ታወርሳቸዋለች። ከመዥገሯ ውጭ መኖር አይችሉም።"

እስከዚያ ቀን ድረስ መዥገር ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሲባል የማውቀው ከብት የሚገድለውን ብቻ ነበር። ገርሞኝ ሳላስበው ጥያቄ አመለጠኝ።

"ባክቴሪያዎቹ ቢሞቱባትስ?"

ዶክተር ሂሩት ፈገግ አሉ። "የመጣሁት ለዚህ ነው። እኛ አገር መዥገሮች ላይ የሚሆነውን ማየት እፈልጋለሁ። ደም ጠጥተው የጠገቡ፣ ገና እንቁላል ያልጣሉ እናት መዥገሮች አምጪልኝ። ግማሾቹን ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት በቀጭን መርፌ እወጋቸዋለሁ፤ ግማሾቹን እተዋቸዋለሁ። ከዚያ የማን እንቁላል እንደሚፈለፈል እናያለን። ግን ፍጠኚ፤ እንቁላል መጣል ከጀመሩ መርፌው አይጠቅመንም። እኔም ዓርብ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ተመላሽ ነኝ።"

ሰኞ ወደ ቴፒ ሄድኩ። አክስቴ ቤት እያደርኩ ሦስት ቀን በዙሪያው ካለ በረት ወደ በረት ዞርኩ። የጠገበች መዥገር አይታችሁ ከሆነ ታውቋታላችሁ፤ ተነፍታ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ቀለም ይዛ፣ እግሮቿ ከሆዷ ሥር ተደብቀው የሆነ ፍሬ ትመስላለች። እስከ ረቡዕ ማታ ሰማንያ አራት መዥገር ሰበሰብኩ። ስመለስ አንድ ቁልቁለት ላይ አዳልጦኝ ወደቅኩና የያዝኳቸው የመስተዋት ብልቃጦች ተሰባበሩ። መዥገሮቹ አንድም አልተጎዱም። አክስቴ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ሰጠችኝ። ክዳኑን በሚስማር በሳስቼ፣ ከሥሩ ሻሽ ወጥሬ፣ ሰማንያ አራቱንም እዚያ ውስጥ ከተትኳቸው። ጣሳውን ሰው እንዳያየው በጥቁር ፌስታል ያዝኩት።

ሐሙስ በማለዳ ወደ ሚዛን የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ሽቶ የተቀቡ፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ተቀመጡ። ሸምሱ እባላለሁ አሉኝ፤ የቴፒ ቡና ነጋዴ ናቸው። እሳቸውም በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ጣሳ ይዘዋል። ሁለታችንም ፌስታላችንን ከወንበሩ ሥር አስገባን።

"ምን ትሠሪያለሽ ልጄ?"

"ላቦራቶሪ።"

ምነው አፌን በቆረጠው! ጋሽ ሸምሱ ወዲያው የጨጓራቸውን ነገር ያወሩልኝ ጀመር። ሲርባቸው እንዴት እንደሚያቃጥላቸው፣ ሲጠግቡ እንዴት እንደሚነፋቸው፣ በርበሬ እንዴት እንደከዳቸው። ጨጓራው ሲያልቅ ወደ ንግዳቸው ገቡ።

"ዛሬ አምስት ሰዓት ሚዛን ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ ገዢ ሆቴል ይጠብቀኛል። የታጠበ ቡና ናሙና ይዤለት ነው። ባለቤቴ ናት አንድ በአንድ ለቅማ ያዘጋጀችው፤ ሰማያዊ ሆኖ ነው የወጣ ወላሂ! ሰውየው ግን ዓይኑን አያምንም። በጥርሱ ነው። ፍሬዋን አፉ ውስጥ ከቶ፣ ነክሶ፣ ድርቀቷን ያውቃል። ይህ ሰው ከያዘኝ ከርሞም አይለቀኝም።"

ሸኮ ሳንደርስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወረድን፤ ገፋን፤ ሾፌሩ ወደፊት ሲል ወደኋላ፣ ወደኋላ ሲል ወደ ጎን። በመጨረሻ ወጣና ተመልሰን ስንገባ ከወንበር ሥር ያለው ዕቃ ሁሉ ቦታ ተለዋውጧል። እኔ ቀድሜ አንዱን ጥቁር ፌስታል አነሳሁ፤ ጋሽ ሸምሱ ሌላውን አነሱ። ሚዛን መናኸሪያ ስንደርስ "ለጨጓራዬ አንድ ነገር ካገኘሽልኝ አትርሺኝ" ብለውኝ ተለያየን።

ወደ አማን ስወርድ ፌስታሉ ከበድ አለኝ። ሦስት ቀን በረት ለበረት የዞርኩበት ድካም ነው አልኩ።

ዶክተር ሂሩት ጓንት አድርገው፣ መርፌዎቻቸውን ደርድረው ይጠብቁኛል። ጣሳውን ከፌስታሉ አውጥተው ክዳኑን አነሱ። አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩ። እንደገና ጣሳውን አዩ።

"ትርሲት፣ እነዚህ እንቁላል የሚጥሉ አይመስለኝም።"

ጠጋ ብዬ ሳይ ጣሳው ውስጥ ያለው ቡና ነው። የሚያምር፣ አንድ ዓይነት ፍሬ፣ ሰማያዊ የታጠበ ቡና። ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እንደምንም የሚኒባሱን፣ የጋሽ ሸምሱንና የጭቃውን ነገር አስረዳሁ።

"የት ሆቴል ነው የሚገናኙት?" አሉኝ።

"አልጠየቅኳቸውም።"

"ለምን?"

"ጨጓራቸው ላይ ነበርን።"

ዶክተር ሂሩት ሰዓታቸውን አዩ፤ አራት ሰዓት ከአርባ። "በይ ተነሽ! እኔ ዕቃዬን ቆልፌ ቡናውን ይዤ እከተልሻለሁ። ዛሬ ካልተወጉ የሦስት ቀን ልፋትሽ ገደል ገባ።"

ሮጬ ወጥቼ ባጃጅ ያዝኩ። የሚዛንን ዳገት መውጣት ስንጀምር ነው የጋሽ ሸምሱ ንግግር ትዝ ያለኝ። "ዓይኑን አያምንም። በጥርሱ ነው።" እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማስበው ስለ ሥራዬ ነበር። አሁን ግን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ምንም ያላጠፋ አንድ ሰው የጠገበች መዥገር አፉ ውስጥ ከቶ ሲነክስ ታየኝ።

"ወንድሜ፣ ትንሽ ፍጠንልኝ!"

"እህቴ፣ ዳገቱን አላየሽም? የታመመ ሰው አለ እንዴ?"

"እስካሁን የለም" አልኩት።

የመጀመሪያው ሆቴል ደረስን። ዘልዬ ገባሁ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ የቡና ነጋዴ አላየሁም አለችኝ። ወጣሁ። ሁለተኛው ሆቴል የወይዘሮ አስካለ ነው። ሰፊ ግቢ፣ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ፣ ከዛፉ ማዶ በረንዳ። ወይዘሮ አስካለ የአባቴ ደንበኛ ናቸው፤ የመጋረጃ ጨርቅ ከእሱ ነው የሚገዙት። ከዚህም የተነሳ እዚያ ቤት ስገባ እንደ ሐኪም ነው የምገባው።

በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ግቢው ቁርስና ምሳቸውን አንድ ላይ በሚበሉ ሰዎች ሞልቷል። በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ የሚመታው ጠረጴዛ ዘንድ፣ ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን እያፍተለተሉ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ወፍራም ሰው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። በመካከላቸው ነጭ ሳህን። ሳህኑ ላይ የእኔ ሰማንያ አራት።

ሰውየው በጣቱ አማሰላቸው። አንዷን አንስቶ ወደ ብርሃን ያዛት። ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። አፉን ከፈተ።

በእኔና በእሱ መካከል ግማሽ ግቢ አለ። ሮጬ አልደርስም። ያኔ ከየት እንደመጣ እስካሁን የማላውቀው ድምፅ ከውስጤ ወጣ።

"እንዳይበሉት!"

የጎረሰው አላላመጠም፤ የጠቀለለው አልጎረሰም። ጥብስ የያዘች አስተናጋጅ ባለችበት ደረቀች። ወይዘሮ አስካለ ከወጥ ቤት ማማሰያ እንደያዙ ወጡ።

"ምንድን ነው? ምግቤ ምን ሆነ? ማን ነው እንዳይበሉ ያለው?"

"የእርስዎን ምግብ አይደለም" አልኩ። "እሳቸውን ነው። የያዙት ቡና አይደለም!"

ወፍራሙ ሰው፣ በኋላ እንዳወቅኩት አቶ ይልማ ይባላል፣ ፍሬዋን ከከንፈሩ አንድ ጣት ያህል ላይ አቁሞ "ታዲያ ምንድን ነው?" አለኝ።

"መዥገር።"

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። አየ። በዚያው ቅጽበት፣ ሳህኑን ፀሐይ ስላሞቀው ይሁን ጩኸቱ ስላስደነገጣት፣ መዥገሯ እግሮቿን ዘርግታ በአውራ ጣቱ ላይ ጉዞ ጀመረች።

አቶ ይልማ ያወጣው ድምፅ ከእኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር። ክንዱ ሳህኑን መታው፤ ሰማንያ አራቱ በረንዳው ላይ ተዘሩ። ጠረጴዛ ተገለበጠ። ሰዎች ወንበር ላይ ወጡ። አንድ ፖሊስ ሳይቀር ወጥቷል። አንዲት ሴት ቀሚሷን ሰብስባ "እርገጡት! እርገጡት!" ትላለች፤ አንድ ጎልማሳም ጫማውን አነሳ።

"እንዳትረግጡ!" ብዬ በመካከላቸው ገባሁ። "ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ! እግራችሁን ሳትፈትሹ አትራመዱ!"

ሁሉም እንዳልኩት ቆመ። እኔ አዝዤ ሰው ሲታዘዝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

"አንቺ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ አይደለሽም እንዴ?" አሉ ወይዘሮ አስካለ። "ሐኪሟ?"

አሁን እንግዲህ መሸሻ የለኝም።

"የሰው ሐኪም አይደለሁም እማማ። የከብት ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። እበት ነው የምመረምረው፤ መዥገር ነው የምለቅመው። እነዚህ የእኔ መዥገሮች ናቸው።"

"ታዲያ መዥገርሽን ብንረግጥልሽ ምን ይቀርብሻል?" አለ ጫማውን ያነሳው ጎልማሳ። ሰው ሳቀ።

ከሳቁ በኋላ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ መዥገሮቼ በአንድ አፍታ ተረግጠው ያልቁ ነበር። ስለዚህ ተናገርኩ። በርከክ ብዬ እየለቀምኩ፣ ቀና ብዬ እያየኋቸው፣ ዶክተር ሂሩት የነገሩኝን ሁሉ በራሴ አፍ አወራሁት። መዥገር በደም ብቻ እንደማትኖር፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ውስጧ ሆነው እንደሚመግቧት፣ እሷም ለልጆቿ እንደምታወርሳቸው። "እስካሁን ከብቱን መድኃኒት ውስጥ ስንነክር፣ ስንረጭ፣ መዥገሯን ከላይ ብቻ ነው ስንታገል የኖርነው። ከውስጥ ሆነው የሚያኖሯትን ብንነካባትስ? ይህን ለማየት ነው ሦስት ቀን በረት ውስጥ የዋልኩት። ዛሬ ካልሆነ ጊዜው ያልፋል።"

ማንም አልሳቀም። ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ማር ሊሸጡ የመጡ ሽማግሌ ብድግ አሉ። ጋሽ ወልዴ ይባላሉ፤ ከሸኮ በኩል ናቸው፤ አማርኛን ያወቁት አድገው ነው።

"ልጄ፣ ውስጡ ያለው ሲሞት፣ መዥገር እሱም ይሞታል?"

"ገና አላወቅንም ጋሼ። ለማወቅ ነው።"

"የእኔ ላም ጡቱ በመዥገር አልቋል። ሁለት ጡት ቀርቷል።" ማራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና በጉልበታቸው ተንበረከኩ። "እንግዲያው አንድም አይጥፋ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያምነው። አስተናጋጇ የስኳር ማንኪያ አመጣች። ፖሊሱ ከወንበሩ ወርዶ በወረቀት መግፋት ጀመረ። "እርገጡት" ስትል የነበረችው ሴት ወንበሩ ላይ እንደቆመች "እዚያ ጋ አንዷ! ከውሃ ጋኑ ሥር!" እያለች ከላይ ሆና ታመለክታለች። ወይዘሮ አስካለ ሲኒ አደሉ፤ "ሲኒዎቹን ግን ይዘሽልኝ ሂጂ፣ መልሼ አልፈልጋቸውም" አሉኝ። እኔ እየተቀበልኩ እቆጥራለሁ፤ ግቢው ሁሉ አብሮኝ ይቆጥራል። ሰማንያ ላይ ስንደርስ ጭብጨባ ሆነ። ሰማንያ አንደኛዋ በረንዳው ስንጥቅ ውስጥ ተገኘች። ሰማንያ ሁለተኛዋን አቶ ይልማ ራሱ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከኮቱ እጅጌ ላይ አስነሳን። ሰማንያ ሦስተኛዋን ጋሽ ወልዴ ከአበባ ማሰሮ ሥር አወጡ። የመጨረሻዋን ግን የአቶ ይልማ ጫማ ቀድሞ ረግጧት ነበር።

በዚህ ሁሉ መሀል ጋሽ ሸምሱን ረስቻቸዋለሁ። ዞር ስል ከግድግዳው ተደግፈው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀድሜ ፌስታሉን ያነሳሁት እኔ ነኝ።"

"ሰውየውን መዥገር ላበላው ነበር" አሉ በቀስታ። "ሠላሳ ዓመት ነግጃለሁ። ከዛሬ በኋላ ሸምሱ ሲባል የሚነሳው ይኸው ነው።" ከዚያም "እኔኮ ጣሳው ሲቀለኝ ቡናው በደንብ ደርቆልኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ክዳኑ ተበሳስቶ ሳየውም ባለቤቴ ቡናው እንዲተነፍስ ያደረገችው መሰለኝ" አሉኝ።

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ያን ጊዜ ዶክተር ሂሩት በባጃጅ ደረሱ። ነጭ ጫማቸውን እያነሱ በረንዳው ላይ ወጡና የቡናውን ጣሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ነገሩን ሲሰሙ በአቶ ይልማ ፊት ተቀመጡ።

"ነክሰዋታል?"

"አልነከስኩም፣ አልነከስኩም!"

"ቢነክሷትም በውስጧ ያሉት የራሷ ባክቴሪያዎች ቤታቸው እሷ ብቻ ናት። ከእርስዎ ጋር ኑሮ አይመቻቸውም። ሌላ የምትሸከመው በሽታ ግን ሊኖር ስለሚችል እጅዎን በደንብ ይታጠቡ።"

አቶ ይልማ አራት ጊዜ ታጠበ። አፉንም ተጉመጠመጠ፤ ለምን እንደሆነ ባይገባኝም። ተመልሶ መጥቶ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገና የጋሽ ሸምሱን እውነተኛ ቡና፣ ጥርሱን ሳያስነካ፣ በጥፍሩ እየፈለጠ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ጋሽ ሸምሱ መተንፈስ አቁመዋል።

"በሥራዬ በዓይኔ ብቻ አምኜ ስገዛ የመጀመሪያዬ ነው" አለ። "ቡናው ግን የሚታማ አይደለም። ነገ መጋዘንህ ድረስ መጥቼ አየዋለሁ፤ እያንዳንዱን ፍሬ ግን የምትቀምስልኝ አንተ ነህ።"

ጋሽ ሸምሱ ቆባቸውን መልሰው አደረጉ። እኔን ግን አልተሰናበቱኝም። ሲታረቁኝ ስድስት ወር ፈጅቷል፤ ያውም በሬ ታሞባቸው ሲቸገሩ ቢሮዬ መጥተው ነው።

ሰማንያ ሦስቱንና የተረገጠችውን አንዷን በወይዘሮ አስካለ ሲኒዎች ይዘን ወደ አማን ወረድን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዶክተር ሂሩት የመጨረሻዎቹን እየወጉ እኔ እየመዘገብኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ነው። ሱቁን በቀን ዘግቶ የመጣ ጊዜ አላስታውስም። ወሬው ቀድሞኝ ሱቁ ገብቷል ማለት ነው።

"አስካለ ቤት ጮኸሽ ሰው አሯሯጥሽ አሉኝ።"

"አዎ አባዬ።"

"ለሰው ሁሉ 'እበት ነው የምመረምረው' ብለሽ ተናገርሽ አሉኝ።"

"አዎ።"

በክፍሉ ውስጥ ዓይኑን አዞረ። እኔ የማላስገባው ቦታ ስለነበር አይቶት አያውቅም። ዶክተር ሂሩት ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ ብድግ ብለው "ጋሼ፣ ይምጡ ልጅዎ የምትሠራውን ታሳይዎት" አሉና ማይክሮስኮፑን አመላከቱት። የተረገጠችውን አንዷን መዥገር ከፍተን፣ ቀለም ቀብተን ያዘጋጀነው መስተዋት ሥሩ ነበር። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ። እኔ መብራቱን አስተካከልኩለት።

"ነጠብጣብ ነገር ነው የማየው። እንደ ጤፍ፤ ከጤፍም ያነሰ።"

"እነሱ ናቸው አባዬ። መዥገሯን የሚያኖሯት።"

ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም። ሲነሳ ዓይኑን አሻሸና "ለምን እስካሁን አላሳየሽኝም?" አለኝ።

"ታፍርብኛለህ ብዬ።"

"እኔ ደግሞ አንቺ የምታፍሪ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት" አለኝ። ከዚያ ሱቁን ሊከፍት ተመልሶ ሄደ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ባሰበት። ሻሽ የሚገዛውንም፣ ክር የሚገዛውንም "ልጄ የመዥገር ሐኪም ናት፤ ላም አለህ?" እያለ ይይዘው ጀመር።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብኝ ብትሉኝ ባሕርዬ ተገልብጦ ሌላ ሰው ሆንኩ አልላችሁም። ዛሬም ስብሰባ ስገባ ዓይኔ የሚፈልገው የመጨረሻውን ወንበር ነው። ያኔ ግን አንድ ነገር አወቅኩ። ለዓመታት የፈራሁት ሰው እንዳይስቅብኝ ነበር፤ ሳቁ መጣ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይም አልቆየም። ከሳቁ በኋላ ያው ሰው ማንኪያ ይዞ ሊያግዘኝ ተንበረከከ። ሥራዬን ደብቄ በኖርኩባቸው ዓመታት ስንት ጋሽ ወልዴዎች አጠገቤ ሲያልፉ ሳይጠይቁኝ እንደቀሩ ሳስብ ይቆጨኛል። እናንተም የምትሠሩትን ስትጠየቁ ግማሹን ብቻ የምትናገሩ ከሆነ፣ ነገ አንድ ሰው ሲጠይቃችሁ ሙሉውን ንገሩት። የሚያስቅ ከሆነም ይሳቅ።

ከወራት በኋላ ከዶክተር ሂሩት ደብዳቤ መጣልኝ። ሁለት ነገር ይዟል፤ አዲስ አበባ ሄጄ ከእሳቸው ጋር እንድሠለጥን ግብዣና የመዥገሮቹን ውጤት። በዚያው ቅዳሜ ደብዳቤውን ይዤ ጋሽ ወልዴ ቤት ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠን አነበብኩላቸው። መድኃኒቱን የተወጉት መዥገሮች እንቁላል ጥለዋል፤ ከእንቁላሎቹ የተፈለፈሉት ግን ካልተወጉት ጋር ሲወዳደሩ በጣም ጥቂት ናቸው።

"መድኃኒቱ መቼ ይመጣል?" አሉኝ።

"ገና ነው ጋሼ። ይህ መጀመሪያው ነው። ዓመታት ይወስዳል።"

አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። "ስለዚህ ያ በዓይን የማይታየው ነው ትልቁን የሚያኖረው?"

"አዎ።"

ወደ ቤታቸው ዞረው ጮክ ብለው ተጣሩ። "አንቺ ሴትዮ፣ ሰማሽ? ትንሹ ነው አሉ ትልቁን የሚያኖረው!"

ባለቤታቸው አጭርና ቀጭን ናቸው። የሚያበጥሩትን እህል ሳያስቀምጡ በበሩ ብቅ አሉና ረጅሙን ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩአቸው።

"እኔ ይህን ለማወቅ መዥገር አላስፈለገኝም" አሉ።

ጋሽ ወልዴ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ተነስተን፣ እጅጌያችንን ሰብስበን፣ ላሚቱ ላይ ያሉትን መዥገሮች አንድ በአንድ መንቀል ጀመርን።